አንድ ቀን በማሳይ ማራ፦ ያየነውና የተማርነው



«ሳፋሪ» የሚለው ቃል ሲነሣ በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው ሰፊ ሜዳ፣ ጣራው የተከፈተ መኪናና ካሜራ ያንጠለጠለ ፈረንጅ ነው። ቃሉ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ስዋሒሊዎች ከዐረብኛው «ሰፈር» ማለትም ጉዞ ከሚለው ወስደው ለማንኛውም መንገድ ይጠሩበታል። ፈረንጆቹ ደግሞ ከስዋሒሊዎች ወስደው አራዊት ለማየት ለሚደረግ ጉዞ ብቻ አዋሉት። ሰፈር በዲናችን ሕግና አደብ ያለው ነገር ነው። ሙሳፊር ሶላቱን ያሳጥራል፤ የረመዳን ጾሙን ለሌላ ቀን ማቆየት ይፈቀድለታል። በአንጻሩም በደረሰበት ሁሉ እንግዳ ነውና የእንግዳ ጠባይ ይጠበቅበታል። ታዲያ ይህ የእንግዳ ጠባይ አስተናጋጆቻችን ሰዎች ሳይሆኑ አራዊት ሲሆኑስ ምን ይመስላል? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

በክረምቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት፣ በነሐሴ ወር፣ ናይሮቢ ኢስሊ የሚኖሩት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋብዘውን ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ወደ ማሳይ ማራ ተጓዝን። ማሳይ ማራ በደቡብ ምዕራብ ኬንያ፣ ታንዛኒያ ድንበር ላይ የሚገኝ 1,510 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የአራዊት ጥብቅ ቦታ ነው። ከድንበሩ ማዶ እርሱን ዐሥር እጥፍ ሊያህል ጥቂት የቀረው የሴሬንጌቲ ፓርክ አለ። አራዊቱ ፓስፖርት ስለማያውቁ ሁለቱ ለእነርሱ አንድ ሜዳ ናቸው። ዊልድቢስት የተባለው ቀንዳም የሜዳ እንስሳ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኖ በየዓመቱ ዝናብና ሣር እየተከተለ ይዞራል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ብዙው መንጋ የማራን ወንዝ ተሻግሮ ከኬንያ በኩል ይሰፍራል። መንጋው ባለበት ሥጋ በሎቹም አሉ፤ ሥጋ በሎቹ ባሉበት ጎብኚው አለ።

የአንበሳው ጧት

ሹፌራችን የማሳይ ተወላጅ ነው። መምህር መሆኔን ሲሰማ «ምዋሊሙ» ይለኝ ጀመር። ይህም በየመድረሳው «ሙዐሊም» የምንለው ቃል ነው። ማታ ሲለየን ለጧት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ቀጠረን። ልጆቼን እጅግ የገረማቸው፣ ስዋሒሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከፀሐይ መውጫ ጀምረው መሆኑ ነው። ፈረንጁ ስድስት ሰዓት የሚለውን እነርሱም እኛም ዐሥራ ሁለት እንለዋለን።

ሱብሒን በድንኳናችን ውስጥ ሰገድን። ቂብላው እንደ አዲስ አበባው ሁሉ ወደ ሰሜን ነው። ካሰላመትን በኋላ ከሩቅ የአንበሳ ማግሳት ተሰማ። ድምፁ እስከ ስምንት ኪሎ ሜትር ድረስ ሊሰማ ይችላል ይባላል። ትንሿ ልጄ እናቷን ጭምቅ አድርጋ ያዘች፤ ታላቅየው ደግሞ «እንቸኩል!» ይል ጀመር።

ፀሐይ ብቅ ስትል ደረስንባቸው። በሌሊት በጣሉት ዊልድቢስት ዙሪያ ሰባት እንስት አንበሶችና ደቦሎቻቸው ተኝተዋል። ጎፈሩ የጠቆረ አንድ ወንድ አንበሳ ራቅ ብሎ ተዘርግቷል። ሹፌራችን ሞተሩን አጠፋና እጃችንን ወደ ውጪ እንዳናወጣ፣ ድምፃችንን ከፍ እንዳናደርግ አስጠነቀቀን። አንበሶች መኪናውንና በውስጡ ያለውን ሰው እንደ አንድ አካል አድርገው ይለምዱታል። አንድ ሰው ከወረደ ወይም ጣራው ላይ ከቆመ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ልጄ ጥቂት አይቶ «መተኛት ብቻ ነው እንዴ ሥራው?» አለ። እውነቱን ነው። አንበሳ ከሃያ አራቱ ሰዓት እስከ ሃያ የሚሆነውን በዕረፍት ያሳልፋል። ከድመት ወገኖች መካከል በቤተሰብ ተሰባስቦ የሚኖረው እርሱ ብቻ ነው። ከአደኑ አብዛኛውን የሚሠሩት እንስቶቹ ናቸው። የወንዱ ዋና ሥራ ክልሉን ከሌሎች ወንዶች መጠበቅ ነው፤ እርሱ ከተሸነፈ አዲስ የሚመጣው ወንድ ብዙውን ጊዜ ደቦሎቹን ይገድላቸዋል። ተመራማሪዎች አንዱን አንበሳ ከሌላው የሚለዩት በጢሙ ሥር በተደረደሩት ነጠብጣቦች ነው፤ የአንዱ ከሌላው አይመሳሰልም።

ዐረቦች ለአንበሳ ያወጡለት ስም ብዙ ነው። አሰድ፣ ለይስ፣ ኡሳማ፣ ሐይደር ይሉታል፤ ልጆቻችንንም በእነዚህ ስሞች እንጠራለን። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አጎት ሐምዛ (ረ.ዐ.) የአላህ አንበሳ ተብለው ይታወቃሉ። በሱረቱል ሙደሲር ውስጥ፣ ከማስታወሻው የሚሸሹት ሰዎች ከ«ቀስወራህ» በሚበረግጉ አህዮች ተመስለዋል። ብዙ ሙፈሲሮች ቃሉን አንበሳ ብለው ፈትተውታል፤ አዳኞች ማለት ነው ያሉም አሉ። ከመኪናችን ማዶ የሜዳ አህዮች ጆሯቸውን ቀጥ አድርገው፣ ለመፈርጠጥ ተዘጋጅተው ወደ አንበሶቹ ሲያዩ በዐይናችን ስላየን ምሳሌው ለልጆቹ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ሹፌራችን አንበሳን እንደ እኛ በመደነቅ ብቻ አያየውም። ልጅ ሳለ የአባቱን ጥጃዎች የጠበቀ ሰው ነው። ከብት የበላ አንበሳ በአባቶቹ ዘመን በጦር ይታደን እንደነበር ነገረን። ኬንያ አራዊት ማደንን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ዛሬ በጥብቅ ቦታው ዙሪያ ብዙ የማሳይ ቤተሰቦች መሬታቸውን ለአራዊት ማቆያ እያከራዩ ገቢ ያገኛሉ። ይሁን እንጂ በሌሊት በረቱ የተሰበረበት እረኛ ንዴቱ ቀላል አይደለም። «እናንተ አንድ ቀን አይታችሁት ትሄዳላችሁ፤ እኛ አብረነው እናድራለን» አለን። ቃሉ ቀኑን ሙሉ አልተለየኝም።

ረፋድ ላይ፦ የአቦሸማኔዋ ጉዳይ

ረፋዱ ላይ በሹፌራችን ሬዲዮ አንድ ወሬ መጣ፦ «ዱማ!» በስዋሒሊኛ አቦሸማኔ ማለት ነው። ስንደርስ ሦስት መኪኖች ቆመዋል። አቦሸማኔዋ በአንድ ጉብታ ላይ ቁጭ ብላ በሩቅ የሚግጡ የሜዳ ፍየሎችን ትመለከታለች። ከኋላዋ በሣሩ ውስጥ፣ ጀርባቸው ላይ እንደ አመድ የነጣ ረዥም ጠጉር ያላቸው ሦስት ደቦሎች ይታያሉ።

አቦሸማኔ ከነብር የሚለይበትን ለልጆቹ አሳየኋቸው። ነጠብጣቡ ሙሉ ጥቁር ነው፤ ከዐይኑ ጥግ እስከ አፉ እንደ እንባ የወረደ ጥቁር መስመር አለው፤ ወገቡ ቀጭን፣ እግሩ ረዥም ነው። አያገሳም፤ እንደ ቤት ድመት ጉርር ይላል። በሰዓት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ ከመሬት እንስሳት በሩጫ የሚስተካከለው የለም። ነገር ግን ይህን ሩጫ ከጥቂት መቶ ሜትሮች በላይ ሊያዘልቀው አይችልም። የያዘውን ከጣለ በኋላም እያለከለከ ማረፍ አለበት። በዚያች ደቂቃ ጅብ ወይም አንበሳ ከመጣ ምግቡን ጥሎ ይሸሻል እንጂ አይታገልም። አላህ (ሱ.ወ.) ፍጥነትን ሲሰጠው ጉልበትን ለሌሎቹ ሰጥቷል።

ከጉልበተኞቹ ለመራቅ አቦሸማኔ አብዛኛውን ጊዜ የሚያድነው ቀን ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ቀን ደግሞ የጎብኚው ሰዓት ነው።

በሩብ ሰዓት ውስጥ መኪኖቹ ዐሥራ አንድ ሆኑ። የጥብቅ ቦታው ደንብ በአንድ እንስሳ ዙሪያ ከአምስት መኪና በላይ እንዳይቆም ያዛል። ይሁንና ከሩቅ የመጣ ሰው ሁሉ በኋላ የመጡት ይሂዱ እንጂ እኔ ልሂድ አይልም። አቦሸማኔዋ ተነሥታ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ወደ ፍየሎቹ መሄድ ጀመረች። ሁለት መኪኖች ሊቀድሟት ከመንገድ ወጥተው ሣሩን ጥሰው ሄዱ። ፍየሎቹ በመኪኖቹ ድምፅ ቀና ብለው አዩና ሮጡ። እርሷም ቆማ ጥቂት ካየች በኋላ ተመልሳ ተኛች።

የባለቤቴ ወንድም የጉዞውን ወጪ የሸፈኑ ሰው ናቸው፤ ልጆቹም በደንብ እንዲያዩ ፈለጉ። ሹፌሩን በስዋሒሊኛ «ትንሽ ጠጋ በል፤ ተጨማሪ እንሰጥሃለን» አሉት። ሹፌሩ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ዝም አለ። ደንቡን ያውቃል፤ ደንበኛውን ካስቀየመ ደግሞ ጉርሻው ይቀርበታል፣ ሌላ ጊዜም አይጠራም። ከኋላ የተቀመጠችው ባለቤቴ ነገሩ ገብቷት «ጋሼ፣ እናት እኮ ናት። ልጆቿ አልበሉም። እባክዎ እንሂድላት» አለች።

«ለዚህ አይደል እንዴ ከናይሮቢ የመጣነው?» አሉ።

«አየናት እኮ ጋሼ።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲህ ካላችሁ ይሁን» አሉ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። እውነቱን ለመናገር፣ እኛ የለቀቅነው ቦታ ወዲያው በሌላ መኪና ተያዘ። ልጄም እያለቀሰ ወደ ኋላ ይመለከት ነበር።

አንድ መኪና ቢለቅ ምን ይጠቅማል የሚል ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በዚያው በማራ የተደረገ ጥናት መልሱን ይሰጣል። ጎብኚ በሚበዛበት ቦታ የሚኖሩ እንስት አቦሸማኔዎች ከአንድ ወሊድ አሳድገው ለቁም ነገር ያበቁት ደቦል በአማካይ 0.2 ገደማ ሲሆን፣ ጎብኚ ጥቂት በሆነበት ቦታ ግን 2.3 ገደማ ነው። ማለትም መኪና በሚበዛበት አንድ ደቦል ለማሳደግ አምስት ጊዜ ያህል መውለድ ያስፈልጋል። አንዳቸውም መኪኖች ደቦል አልገጩም፣ አንዱም ጎብኚ ድንጋይ አልወረወረም። የተደረገው ማየት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ቀርቦ፣ ሁሉም በአንድ ላይ፣ ሁሉም ሳይጠግብ አየ።

ዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ያወሩትና አቡ ዳውድ የዘገቡት አንድ ሐዲስ አለ። ሶሓቦች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር በሰፈር ላይ ሳሉ አንዲት ወፍ ከሁለት ጫጩቶቿ ጋር አገኙና ጫጩቶቹን ወሰዱ። እናቲቱ ክንፏን እያርገበገበች መጣች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲያዩ በልጆቿ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ልጆቿንም እንዲመልሱላት አዘዙ። ልብ በሉ፤ ነገሩ የሆነው በሰፈር ላይ ነው። ሙሳፊሮቹ ወፏን አልገደሉም። የእናቲቱ ጭንቀት ብቻውን ለመከልከል በቂ ምክንያት ሆኗል።

ከዛፉ ጥላ ሥር የሰማነው

ቀትር ላይ መውረድ በተፈቀደበት የወንዝ ዳር ሹፌራችን አካባቢውን ዞሮ ካየ በኋላ ወረድን። ዙህርንና ዐስርን በቀስር አንድ ላይ ሰገድን። ከኢስሊ ይዘነው የመጣነውን ሳንቡሳና ቴምር አቀረብን፤ ሹፌራችንም አብሮን በላ። የባለቤቴ ወንድም ከረፋዱ ጀምሮ ብዙም አልተናገሩም ነበር። ሻይ ሲቀዳላቸው ግን ስለዚያች አቦሸማኔ እያሰቡ እንደቆዩ ገለጹና አንድ ነገር አጫወቱን።

ከዓመታት በፊት በአንድ የባሕረ ሰላጤው አገር በሹፌርነት ሲሠሩ፣ በጎረቤት ግቢ የአቦሸማኔ ደቦል ይኖር ነበር። ልጆች በአንገት ገመድ እየጎተቱ ፎቶ ይነሡበታል። የሚበላው የዶሮ ሥጋ ብቻ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት፤ መቆም ተሳነውና ሞተ። «ያ ደቦል በአውሮፕላን የመጣ የፈረንጅ ነገር ይመስለኝ ነበር። ከእኛ አገር መሄዱን ያወቅሁት በኋላ ነው» አሉ።

የተናገሩት እውነት ነው። አቦሸማኔ በሰው እጅ ሆኖ በቀላሉ አይራባም። ስለዚህ በድብቅ የሚሸጠው ደቦል በአብዛኛው ከዱር የተወሰደ ነው። ከኢትዮጵያ ምሥራቃዊ ቆላና ከሶማሌ ምድር የሚነጠቁት ደቦሎች በሶማሌላንድ ጠረፍ በኩል በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች እንደሚሻገሩ በብዙ ምርመራ ተረጋግጧል። አንዳንዱን የሚወስደው ፍየሉ የተበላበት ድሃ አርብቶ አደር ነው፤ ትርፉን የሚበላው ግን ደላላው ነው። ብዙዎቹ ደቦሎች በረሃብ፣ በጥማትና በበሽታ መንገድ ላይ ያልቃሉ። የሶማሌላንድ ባለሥልጣናት የያዟቸው በአሥሮች የሚቆጠሩ አቦሸማኔዎች በአንድ ማቆያ ይገኛሉ። እናታቸው አደን ስላላስተማረቻቸው ወደ ዱር መመለሱ ቀላል አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ግምት በዓለም የቀሩት የዱር አቦሸማኔዎች 7,100 ያህል ብቻ ናቸው። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገው የአራዊት ቆጠራ 1,160 ተቆጥረዋል።

አንዳንድ ወንድሞች እዚህ ላይ አንድ ክርክር ያነሣሉ። የቀድሞ ሙስሊሞች በ«ፈህድ» ማለትም በአቦሸማኔ ያድኑ ነበር፤ ሱረቱል ማኢዳህም በሠለጠኑ አዳኝ እንስሳት የተያዘን አደን ፈቅዳለች፤ ታዲያ ማርባቱ ምን ነውር አለው ይላሉ። በሠለጠነ እንስሳ ማደን መፈቀዱ ትክክል ነው፤ ፉቀሃዎችም ፈህድን ከውሻና ከጭልፊት ጋር ጠቅሰዋል። ነገር ግን የተፈቀደው እንስሳውን አሠልጥኖ ሲሳይ መፈለግ ነው። ደቦልን ከእናቱ ነጥቆ፣ በኮንትሮባንድ አሻግሮ፣ ለፎቶና ለጉራ ማሰር ከዚያ ጋር ምን ያገናኘዋል? ከዚህም ሌላ በዚያ ዘመን አቦሸማኔ በዐረቢያ ምድር ራሱ ይኖር ነበር። ዛሬ ከዚያ ጠፍቷል፤ የገዢው ዐይን ወደ እኛ ቆላ የዞረውም በዚህ ምክንያት ነው። የዱር አቦሸማኔን ለንግድ ከአገር አገር ማሻገር በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶችም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሕግ ግለሰቦች አደገኛ አራዊትን በቤት እንዳያኖሩ ከልክለዋል። ድመቷን አስራ ሳታበላትና ሳትለቃት የገደለቻት ሴት በእሳት መቀጣቷን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። የቤት ድመት እንዲህ ካስጠየቀች፣ የታሰረ አቦሸማኔ ምን ያህል ያስጠይቅ ይሆን?

ከመግሪብ በፊት፦ የነብሩ ጅራት

ነብርን ማየት ከሁሉም ይከብዳል። ብቻውን ይኖራል፣ ብዙውን ጊዜ በሌሊት ይንቀሳቀሳል፣ ያደነውን አንበሳና ጅብ እንዳይቀሙት ዛፍ ላይ ይሰቅላል። ስሙ ራሱ ከእኛ ጋር ዝምድና አለው፤ ዐረቡ «ነሚር»፣ ግዕዙ «ነምር»፣ እኛም «ነብር» እንላለን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሹፌራችን በወንዙ ዳር ካለ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ራቅ ብሎ ቆመ። ለረዥም ጊዜ ምንም አላየንም። በመጨረሻ ትንሿ ልጄ «ገመድ ተንጠልጥሏል» አለች፤ የነብሩ ጅራት ነበር። ከቅጠሉ መካከል ዥጉርጉር ጎኑ ትንሽ ታየን፤ ፊቱን ግን አላሳየንም። ሌላ መኪና አልነበረም። የባለቤቴ ወንድም ሹፌሩን ጠጋ በል አላሉትም፤ ቢኖክላቸውን ለልጆቹ ሰጡ።

የነብር ቆዳ በአገራችን በቀድሞው ጊዜ የጀግና ለምድ፣ የመኳንንት ጌጥ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን በነብር ቆዳ ላይ መቀመጥን እንደከለከሉ አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ዑለሞች በምክንያቱ ላይ የተለያየ ነገር ብለዋል፤ ከጠቀሷቸው አንዱ ኩራትና መታበይ ነው። የጥንቱ ለምድና የዛሬው የታሰረ አቦሸማኔ ፎቶ ሥራቸው አንድ ነው፤ የሌላውን ግርማ ለራስ መልበስ።

ለወላጆችና ለወጣቶች

ማራ ድረስ መሄድ ለሁላችንም አይቻል ይሆናል፤ ከዚህ ውሎ የሚገኘው ትምህርት ግን ለሁላችንም ነው።

አንደኛ፣ ልጆቻችሁን የአላህን ፍጥረት አሳዩአቸው። ቁርኣን ግመል እንዴት እንደተፈጠረች እንድንመለከት ይጋብዘናል፤ በሱረቱል አንዓምም በምድር የሚሄዱና በክንፋቸው የሚበሩ ሁሉ እንደኛው ኡመቶች መሆናቸው ተነግሮናል። በአገራችንም አዋሽ፣ ባሌና ነጭ ሳር ያሉት ፓርኮች አሉ።

ሁለተኛ፣ ስታዩ የእንግዳ አደብ ይኑራችሁ። ሹፌርን ወይም አስጎብኚን ደንብ እንዲጥስ በገንዘብ አትፈትኑት። ደንቡን በመጠበቁ የሚጎርሰው ሰው ይሁን እንጂ የሚቀርበት አይሁን። እኛም ስንለያይ የባለቤቴ ወንድም ለሹፌሩ ያሰቡትን ጉርሻ ከነጭማሪው ሰጥተውታል።

ሦስተኛ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ወይም ዘመድ ያላችሁ፣ የአቦሸማኔ ደቦል በቤት ሲያዝ የሚያሳይ ፎቶና ቪዲዮ ሲደርሳችሁ በማድነቅ አታሰራጩት። ያ አድናቆት ለሚቀጥለው ደቦል የሚከፈል ቀብድ ነው። በቆላው የምትኖሩም ደላላ ሲመጣ የምትሸጡት የአላህን አማና መሆኑን አስቡ።

የአላህ ፍጥረት ሁሉ በእጃችን ልንይዘው አልተሰጠንም። አንዳንዱ አይተን «ሱብሓነላህ» ብለን እንድናልፈው የተሰጠን ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ዐይናችንን ለኢዕቲባር፣ እጃችንን ለራሕመት የምናውል ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።